ፍቅር በ38 ዲግሪ

በእንቁላል ምክንያት ሠርጉ የተራዘመበት ሰው ታውቃላችሁ? አትሳቁ፣ እኔ አውቃለሁ! አዳሚ ቱሉ የሚኖር አንድ ወዳጄ ለራሱ የጫጩት መፈልፈያ ሠራ። የተበላሸ ፍሪጅ ቀፎ፣ አንድ መቶ ሻማ አምፖል፣ አንድ ቴርሞሜትር፣ በቃ። የ60ውን እንቁላል ዋጋ የከፈለችው እጮኛው ናት፤ የጆሮ ወርቋን ሸጣ። በ21ኛው ቀን የወጡት ጫጩቶች 11 ብቻ! ጎረቤት «ዓይን ነው» አለ። እሱ እንቁላል ሻጯን ረገመ፣ እሷ ደግሞ እሱን።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነበር። ቴርሞሜትሩ የተሰቀለው የት ነው? መሃል ላይ 38 ይላል። አምፖሉ ሥር ስናስጠጋው 41 ገባ፤ ታች ጥግ ላይ 35። ይኸውላችሁ፣ አንድ ሣጥን ውስጥ ቆላም ደጋም አለ! ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ታች ይተኛል። አምፖሉ ሥር ያለው ይቀቀላል፣ ጥግ ያለው ቀኑ አልፎበት እዚያው ይቀራል። የታቀፈች ዶሮ እንቁላሎቿን ከዳር ወደ መሃል ስታመላልስ የምትውለው እኮ ሥራ አጥታ አይደለም።

ጥቂት ዲግሪ ምን ታመጣለች እንዳትሉ። አርባ ምንጭ የአዞ እርባታ አለ አይደል? የአዞን ፆታ የሚወስነው እንቁላሉ የቆየበት ሙቀት ነው። 33 አካባቢ ከሆነ ወንድ ይበዛል፣ ወደ 30 ሲወርድ ሴት። (የዶሮውን በቀን ቢያንስ ሦስቴ ትገለብጡታላችሁ፤ የአዞውን ከገለበጣችሁት ግን ሽሉ ሊሞት ይችላል።)

ወደ ፍሪጃችን እንመለስ። ከአሮጌ ኮምፒዩተር የወጣች ትንሽ ፋን ገጠምንና አየሩን እንድታዞር አደረግን፤ አየር ከዞረ 37.5 ይበቃል። መቶውን ሻማ በሁለት አርባ ተክተን ግራና ቀኝ አደረግናቸው፣ በቆርቆሮም ከለልናቸው። ታች ውሃ የሞሉ የሃይላንድ ጠርሙሶች ደረደርን። ውሃ የያዘውን ሙቀት ቶሎ አይለቅም፤ አዳሚ ቱሉ ደግሞ ቀን ጠብሶ ሌሊት የሚበርድ አገር ነው። መብራት ሲጠፋስ? ጋቢ ደርቡበት፣ ክዳኑን ግን እንዳትነኩ! «እስቲ ልየው» የሚል ሰው ነው ሙቀቱን የሚያባክነው። እጮኛው ይህን ስትሰማ ክዳኑን በገመድ አሰረችው፤ ገመዱን የምትፈታው እንቁላል ሊገለበጥ ሲል ብቻ ነው።

በሁለተኛው ዙር ከ60ው 43 ወጡ፣ የሠርጉም ቀን ተቆረጠ። ከቀሩት 17ቱ ውስጥ 9ኙ በ7ኛው ቀን በባትሪ ሲታዩ ደም ሥር አልነበራቸውም። አውራ ያልነካውን እንቁላል እንኳን ፋን፣ ዶሮዋም አታስፈለፍለውም።