አቫሎን፦ ዘፈን መንገድ ያሳየባት መንደር

በአሜሪካ በሚሲሲፒ ግዛት፣ ከግሪንውድ ከተማ በስተሰሜን፣ አቫሎን የምትባል ትንሽ ቦታ አለች። በአንድ በኩል ሰፊ የእርሻ ሜዳ፣ በሌላ በኩል በደን የተሸፈኑ ኮረብቶች ይታያሉ። ብዙ መንገደኛ ሳያስተውላት ያልፋል። የብሉዝ ወዳጆች ግን ከሩቅ አገር ሳይቀር ይመጡባታል። የሚመጡት በሚሲሲፒ ጆን ኸርት ምክንያት ነው።

ጆን ኸርት ያደገው እዚህ ነው። ጊታር መጫወት በልጅነቱ ራሱን በራሱ አስተማረ። አውራ ጣቱ ምቱን ይጠብቃል፤ ሌሎቹ ጣቶቹ ዜማውን ይጫወታሉ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ሲዘፍን አይጮኽም። ቀን በእርሻ ሲሠራ ይውልና ማታ ለጎረቤቶቹ ይጫወት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1928 ኦኬ የተባለ የሸክላ ኩባንያ በሜምፊስ፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ዘፈኖቹን ቀረጸ። ኒው ዮርክ ሳለ አገሩ ናፈቀው። በአንዱ ዘፈን ውስጥም የአቫሎንን ስም አነሣ።

ሸክላዎቹ ብዙ አልተሸጡም። ብዙም ሳይቆይ ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ መጣ። ጆን ወደ አቫሎን፣ ወደ እርሻ ሥራው ተመለሰ። ከ30 ዓመት በላይ ከመንደሩ ውጪ የሚያስታውሰው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

በ1963 ቶም ሆስኪንስ የተባለ ወጣት ያንን የድሮ ዘፈን ሰማ። አቫሎን በካርታ ላይ ተፈለገች፤ ታጣች። በአንድ የቆየ አትላስ ላይ ግን ተገኘች። ሆስኪንስ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ፤ እዚያም ሰዎች የጆንን ቤት አሳዩት። ጆን በሕይወት አለ! ዕድሜው ወደ 70 ደርሷል፤ የራሱ ጊታር ግን አልነበረውም።

በዚያው ዓመት በኒውፖርት ፎክ ፌስቲቫል ብዙ ሕዝብ ፊት ተጫወተ። ኑሮውንም ወደ ዋሽንግተን ዲሲ አዛወረ። እዚያ ይጫወትበት የነበረ አንድ ካፌ የሚገኘው በአዳምስ ሞርጋን ነበር፤ ከዓመታት በኋላ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በተከፈቱበት ሰፈር ማለት ነው።

ይህ ሁለተኛ ዕድል የቆየው ሦስት ዓመት ብቻ ነው። ጆን በ1966 በሚሲሲፒ አረፈ። መቃብሩ በአቫሎን አካባቢ ጫካ ውስጥ ይገኛል። የኖረባት ትንሽ የእንጨት ቤት ሙዚየም ሆና ነበር፤ በ2024 ግን በእሳት ወደመች። አሁንም እንግዶች ወደ አቫሎን ይሄዳሉ። ብዙዎቹ የመንደሯን ስም መጀመሪያ የሰሙት ከዘፈኑ ነው።

እናንተስ? ወላጆቻችሁ ወይም አያቶቻችሁ የሚወዱት፣ የአገር ስም ያለበት ዘፈን አለ? ጠይቋቸው፤ ከዚያም ቦታውን አብራችሁ በካርታ ላይ ፈልጉ።