ተራህ ነው

ከደባርቅ ተነስቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የጨረሰ መንገደኛ ወደ አዲ አርቃይ ሲያልፍ ዛሪማን ያገኛታል። ቆላ ናት። ሙቀቱ ስለሚከብድ ሰው የሚሰበሰበው ጥላ ሥር ነው፤ ጥላ ሥር ደግሞ ገበጣ አይጠፋም። እኔም የተወለድሁት እዚያው ነው። ዛሬ ስለ ወንድሜና ስለ ገበጣ ላጫውታችሁ።

ወንድሜ አሁን አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። በልጅነቱ ሲጠሩት አይዞርም፤ የሬዲዮ ማስታወቂያ ግን ከነዜማው ይደግማል። እማዬ ሁለት ጊዜ ጠበል ወስዳዋለች። "ኦቲዝም" የሚለውን ቃል እኔ የሰማሁት እዚህ ትምህርት ክፍል ከገባሁ በኋላ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን እንደከፈቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉ ድረስም ቤት ተዘግቶባቸው ስለሚያድጉ ልጆች በአደባባይ ሲናገሩ እንደኖሩ ሳነብ እማዬ ትዝ አለችኝ። የእሳቸውም ልጅ ኦቲዝም ያለበት ነው። አዲስ አበባ ግን ለዛሪማ ሩቅ ነው። እኛ ሰፈር የነበረው ገበጣ ብቻ።

የሰፈራችን ገበጣ ሁለት ረድፍ ነው፤ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር፣ በጠቅላላው 48። ከአንዱ ጉድጓድ ታፍስና አንድ አንድ እያልህ ትዘራለህ፤ የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ላይ ካረፈች ተራው የሌላው ነው።

በአማርኛ ወሬውም "ጨዋታ" ነው፣ ገበጣውም "ጨዋታ" ነው። ወንድሜን የሚያስጨንቀው የመጀመሪያው ነው፤ መቼ መናገር፣ መቼ ዝም ማለት እንዳለበት የሰው ፊት አይቶ መገመት አለበት። በገበጣ ግን ተራው የማን እንደሆነ ጠጠሯ ትናገራለች። ሁለት ሰው አቀርቅሮ አንድ ሰዓት ቢቀመጥ "ምነው ዘጋህ?" የሚል የለም። (በድሮው ሰንጠረዣችን መጀመሪያ ላይ፣ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ያለ ተራ ያንቀሳቅሱ ነበር። ወንድሜን እዚያ ማስቀመጥ እንጃ!)

ያስተማሩት አንድ ጎረቤታችን ሽማግሌ ናቸው። "ና እስቲ፣ ቁጠርልኝ" አሉት። ቆጠረላቸው። ከወራት በኋላ "ተራህ ነው" ማለት ጀመረ። እሳቸውንም "ተራህ ነው" ይላቸዋል፤ "ተራዎ በል" ብንለው አልሆነም። "ተዉት፣ ተራዬን አላሳሳተም" ይሉናል። ቀስ በቀስ ቃሏ ከጥላው ሥር ወጣች። ቦኖ ውኃ ስንቀዳ ቀድሞ ሰው ገፍትሮ ያልፍ የነበረው ልጅ "ተራህ ነው፣ ተራህ ነው" እያለ ጀሪካኑን ይዞ መቆም ቻለ። ከአንድ ወንድሜ ተነስቼ ለሁሉም ይሠራል ማለቴ አይደለም። ያየሁትን ነው።

አንድ ቀን ታዲያ የጭነት መኪና ረዳት፣ የደባርቅ ልጅ፣ አብሮት ተቀመጠ። "እኛ ጋ በሦስት ረድፍ ነው" አለና ሦስተኛ ረድፍ ጫረ። ወንድሜ ጮኸ፤ ጠጠሩን በተነው። ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ይህን ስጽፍ አሁንም ያፍረኛል። ለሦስት ሳምንት ጥላው ሥር አልመጣም።

በኋላ ሳነብ፣ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል። ረዳቱም ልክ ነበር ማለት ነው! ጥፋቱ ሌላ ገበጣ እንዳለ ወንድሜን ያልነገርሁት የእኔ ነው።

ለእረፍት ስሄድ ጓሯችን ውስጥ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጫርሁለት። "ይኼ የዛሪማ፣ ይኼ የደባርቅ" አልሁት። ሦስት ቀን የደባርቁን ዞሮ አላየውም። በአራተኛው ቀን መጥቶ ጉድጓዶቹን ቆጠረ፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ተጫወትን። ስም ሲኖረው ስህተት መሆኑ ቀረ መሰለኝ።

ያ ረዳት በክረምቱ ተመልሶ መጣ። እኔ ፈርቼ ከጎን ቆምሁ። ወንድሜ ቀና ሳይል ጠየቀው፦ "የዛሪማ ነው የደባርቅ?" እንግዳ ሰው ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም።

"የዛሪማ ይሁን" አለ ረዳቱ። ተሸነፈ። ወንድሜም ጠጠሩን ቆጥሮ 48 መሆኑን አረጋገጠና ደኅና ዋል ሳይለው ተነስቶ ሄደ።