ለራሴ የጻፍኩት ምስክርነት

«አንተው ጻፈውና አምጣው፤ እፈርምልሃለሁ» አሉኝ መምህሬ፣ ወደ ክፍል እየቸኮሉ።

ኅዳር 2008 ዓ.ም. ነበር። አሜሪካ በሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች በፊዚክስ ዶክትሬት ለመማር ላመለክት ተነሥቻለሁ። ማመልከቻው ታኅሣሥ 5 ቀን ይዘጋል። ስለ እኔ ሦስት መምህራን መመስከር አለባቸው፤ ሁለቱ ጽፈውልኛል፣ አንድ ቀርቶኛል።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አላወራም። ለአንድ ማመልከቻ 75 ዶላር ማለት ያኔ ከ1,500 ብር በላይ ነው። ብሩ ቢገኝም በኢንተርኔት የሚከፈልበት ካርድ የለኝም። ሜሪላንድ ያለች የአክስቴ ልጅ በካርዷ ትከፍላለች፣ እኔ ብሩን እዚህ ለአክስቴ እሰጣለሁ። በዚህ ዓይነት ስምንት ያልኩት ዩኒቨርሲቲ አምስት ሆነ። የሚገርመው፣ በሳይንስ ለዶክትሬት የተቀበለህ ዩኒቨርሲቲ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርቱን ወጪ ችሎ፣ በረዳትነት አሠርቶ ደመወዝ ይከፍልሃል። ድሃውን የሚመልሰው የበሩ ክፍያ ነው። አንዳንዶቹ ለጠየቃቸው እንደሚምሩ የሰማሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው!

ወደ ደብዳቤው ልመለስ። ማታ ቁጭ ብዬ ራሴን «እርሱ» እያልኩ ጻፍኩ። «ታታሪ፣ ጨዋ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ተወዳዳሪ የሌለው ተማሪ ነው።» ሳነበው ለባንክ ጥበቃም የሚያስቀጥር ደብዳቤ ነው። መምህሬ ሳያነቡ ፈረሙበት። አልሸሽግም፣ አንድ ሳምንት ሙሉ በቦርሳዬ ይዤው ዞርኩ፤ ልልከውም ልቀደውም አቃተኝ።

ሊጽፉልኝ የሚገባቸው የማስተርስ አማካሪዬ ነበሩ። ግን ሆን ብዬ ሸሽቻቸው ነበር፤ ጉዴን ያውቃሉና። ለሦስት ወር በላቦራቶሪው ምድጃ የሠራሁትን ሁሉ ያስጣልኩት እኔው ነኝ። የሙቀቱን መለኪያ ተጠራጥሬ ቁራጭ እርሳስ አቀለጥኩ። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው የሚቀልጠው፤ የእኛ መለኪያ 290 ይላል። ለአማካሪዬ ነገርኳቸው፤ ሥራው ከሀ ተጀመረ፤ ምረቃዬም ለአንድ ሴሚስተር ተራዘመ። ያን ከማንም በፊት ማጣራት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ሲጨንቀኝ ሄድኩ። የተፈረመበትን ደብዳቤ አንብበው ሳቁና «ይህ ልጅ ማነው?» አሉኝ። «እኔ ራሴ እጽፋለሁ፤ አንተ አታየውም። የምድጃውንም ነገር እጽፈዋለሁ።»

«እሱማ ይቅርብኝ፣ ዶክተር…»

«ሌላ ምን ልጻፍልህ?»

ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን ደብዳቤ ደጅ ስወጣ ቀደድኩት። እርሳቸው የጻፉትን እስከ ዛሬ አላየሁትም።

ከየካቲት ጀምሮ ከሦስት ዩኒቨርሲቲዎች «እናዝናለን» መጣ፤ አራተኛው ጭራሽ መልስ አልሰጠም። ከአምስተኛው አንድ ፕሮፌሰር በስካይፕ ሊያነጋግሩኝ ፈለጉ። ሌሊቱን ስለ ኳንተም ሜካኒክስ ሳጠና አደርኩ። መብራት እንዳይጠፋ ስጸልይ ምስላቸው ብቅ አለ፤ ሰላምታ ሰጥተው ወዲያው ጠየቁኝ፦

«ያን እርሳስ ከየት አገኘኸው?»

«ከመርካቶ፣ ከቁራጭ ብረት ነጋዴ።»

«ንጹሕ መሆኑን በምን አወቅህ?»

ላቤ መጣ። «አላወቅኩም» አልኩ። «ስለዚህ የባትሪ ድንጋይ ሰብሬ ቆርቆሮውን አወጣሁና ደገምኩት። ዚንክ ነው፤ በ420 ገደማ ይቀልጣል። መለኪያው 382 አለ።»

ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ጻፉ። ስለ ኳንተም ሜካኒክስ አልጠየቁኝም።