ሰርቨሩ አልነበረም

ይህችን አጭር ጽሑፍ የምጽፈው ዘንድሮ የመመረቂያ ፕሮጀክት ለምትሠሩ ታናናሾቼ ነው። ቴክኒኩ ይጠቅማችኋል፤ የኔ ጥፋት ደግሞ ይበልጥ ያስተምራችኋል ብዬ አምናለሁ።

የኛ ፕሮጀክት የመጻሕፍት መዋሻ አፕ ነበር። መጽሐፍ የተዋሰ ተማሪ የመመለሻው ቀን ሲደርስ በስልኩ አጭር መልእክት ይደርሰዋል፤ ሊንኩን ሲነካው አፑ የዚያኑ መጽሐፍ ገጽ ይከፍትለታል። አፑን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሰርቨሩን ደግሞ የዶርም ጓደኛዬ። ላቦራቶሪ ውስጥ ደጋግመን ስንሞክረው አንድም ቀን አላሳፈረንም።

የዲፌንስ ዕለት ገምጋሚያችን «እስቲ በኔ ስልክ ላይ ጫኑት» አሉ። ጫንን። መልእክቱ ገባ፤ ሊንኩን ነኩት። ብራውዘር ተከፈተና የይለፍ ቃል ጠየቃቸው። «ታዲያ አፑ የታለ?» ሲሉኝ ደነገጥኩ። ሳላስበው «ሰርቨሩ ነው» አልኩ። ጓደኛዬ ቀና ብሎ አየኝና ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሌሊት ሙሉ ኮዱን ሲበረብር አደረ፤ ምንም ስህተት አላገኘም።

በሦስተኛው ቀን ቁጭ ብዬ የአንድሮይድን ሰነድ አነበብኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ማንኛውም አፕ «የዚህ ድረ ገጽ ሊንክ የኔ ነው» ማለት ይችላል። ስልኩ ይህንን ብቻ ቢያምን ኖሮ አንድ አጭበርባሪ የባንክ ሊንክ ወደ ራሱ አፕ ይጠልፍ ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጡት አንድሮይድ 6 እና አይኦኤስ 9 ድረ ገጹንም መጠየቅ ጀመሩ። አንድሮይድ ላይ አፑ ሲጫን ስልኩ ከድረ ገጹ አሴትሊንክስ ዶት ጄሰን የሚባል ፋይል ይፈልጋል። በፋይሉ ውስጥ የአፑ መለያና አፑ የተፈረመበት ቁልፍ አሻራ መጻፍ አለበት። ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ ሊንኩ ወደ አፑ ይሄዳል። ካልተስማሙ ድሮ አንድሮይድ «በየትኛው ልክፈተው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው አንድሮይድ 12 ወዲህ ግን፣ ባለስልኩ ራሱ ሴቲንግ ገብቶ ካልፈቀደ በቀር፣ ዝም ብሎ ብራውዘር ላይ ይከፍተዋል። ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም እንደሚባለው መሆኑ ነው።

እኔ ለጓደኛዬ የሰጠሁት አሻራ ላፕቶፔ ለሙከራ ብቻ የፈጠረው ቁልፍ አሻራ ነበር። ለዲፌንሱ ያዘጋጀሁት አፕ ደግሞ በሌላ ቁልፍ የተፈረመ ነው። እሱ የሰጠሁትን አንድ ፊደል ሳያጎድል አስቀምጦታል።

ማስተካከሉ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ፋይሉ ከአንድ በላይ አሻራ ስለሚቀበል ሁለተኛውን ጨመርን፤ አፑን አጥፍተን እንደገና ስንጭነው ሠራ። የከበደኝ ጓደኛዬን ይዤ ገምጋሚያችን ቢሮ መግባቱ ነበር። «ሰርቨሩ አልነበረም፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳቸው። «ይኼንን ሪፖርቱ ላይ ጻፈው» አሉኝ፤ ጻፍኩት። ጓደኛዬ ስንወጣ «የሁለት ሌሊት እንቅልፍ ዕዳ አለብህ» ብሎ ሳቀ። እኔን ግን አላሳቀኝም።

እናንተም የመጨረሻውን አፕ ከዲፌንሱ በፊት በሰው ስልክ ላይ ሞክሩት። ስልክ እንኳ የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ሰምቶ አይፈርድም፤ እኔ ግን ፈርጄ ነበር።