ሰፈሩ አንድ ላይ ይነሣ ብለን ነበር

ተወልጄ ያደግሁት ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወርደው መንገድ ጀርባ በነበረ የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነው። አባቴ የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበሩ። እኔ ሰፈሩ እስኪፈርስ ድረስ የእድራችን ጸሐፊ ነበርኩ፤ አቤቱታውን የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ከተበተንን በኋላ «ልማት የማይወዱ» የሚል ስም እንደወጣልን ሰማሁ። ስለዚህ የጠየቅነው ምን እንደነበር እመሰክራለሁ።

ወሩ መጋቢት 2016 ዓ.ም. ነው። የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ የተመረቀው የካቲት 3 ቀን ነበር፤ እኛም ደስ ብሎን ነበር። ብዙም ሳይቆይ የኮሪደር ልማቱ ወሬ መጣ፤ ዶሮ ማነቂያ የሚባለው የፒያሳ ሰፈር ሲፈርስ አየን፤ ከዚያ ተራው የእኛ ሆነ። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን የገቡት በአንድ ቀን፣ ሰኞ መጋቢት 2 ነው። ግቢያችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጾሞ እየዋለ ማታ ማታ ዕቃ ያስር ነበር። ምድጃዋን ቀድማ የነቀለችው እናት የማፍጠሪያ ሾርባዋን ጎረቤቷ ምድጃ ላይ ትጥድ ነበር።

የቀበሌ ቤት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ወጣት ላስረዳ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ፣ ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ተከራዩ በወር ጥቂት ብር እየከፈለ ልጅና የልጅ ልጅ አሳደገበት፤ ጣራ ለመቀየር ግን ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። ፈቃዱ እስኪገኝ ቆርቆሮው ዛገ፣ የጭቃው ግድግዳ ተቦረቦረ፣ ሽንት ቤቱ ሞላ። በኋላ «የተጎሳቆለ ሰፈር» ተብሎ ሲነሣ፣ ያጎሳቆለው ነዋሪው መሰለ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስብሰባ ተጠርተን ቤት እንድንለቅ የተሰጠን ጊዜ በጣት የሚቆጠር ቀን ነበር። የእድሩ ዳኛና ሽማግሌዎቹ በዚያው ሌሊት ተቀመጡ። ፎቅ አይሠራ ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ባሻ ወልዴ ችሎት የሚባለው ሰፈር ሲነሣ አይተናል፤ እዚያው መሬት ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። ግንፍሌም ኮንዶሚኒየም አለ። ጎን ለጎን ተጠጋግቶ የኖረ ሰው ሽቅብ ተጠጋግቶ መኖር አያቅተውም። ስለዚህ እንዲህ ብለን ጻፍን፦ ፕላኑን አሳዩን፤ ሰፈሩን በየተራ እያነሣችሁ እዚሁ ሥሩልንና ወደ ላይ እንግባ፤ ይህ የማይሆን ከሆነ እድራችን ሳይበተን ወደ አንድ ሳይት ውሰዱን፤ በተከራይ ቤት ያሉ ደባሎችንም ቁጠሩ።

ሕግ የሚማር የግቢያችን ልጅ አዋጅ ቁጥር 1161/2011ን ይዞ መጣ። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ይዞታ ሲለቀቅ ተነሺው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ይመከራል ይል ነበር፤ ቅሬታ ያለው ሰው ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚ አካል ያመለክታል ይል ነበር። «የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ» የሚለው ላይ ሲደርስ፣ ለጉልት ከሚወጡት እናቶቻችን አንዷ «እስቲ ድገመው ልጄ» አሉት። ደገመላቸው። «ለካስ ያውቁታል» አሉ። የአዋጁ ሚዛን ግን ያጋደለው ለባለይዞታ ነው። ካርታ ያለው ካሳና ምትክ ቦታ ይጠይቃል፤ የቀበሌ ተከራይ የሚሰጠውን ቤት ይጠብቃል፤ ደባል የሚይዘው ወረቀት የለውም። ሐምሳ ዓመት አብሮ የቀበረና አብሮ የዳረ ሰው ትስስሩ በየትኛው ካርታ እንደሚመዘገብ የነገረን የለም።

አቤቱታውን ይዘን የሄድንበት ጽሕፈት ቤት የተቀበለን ወጣት በአክብሮት ነው ያናገረን። «አባቶቼ፣ ጥያቄያችሁን ለበላይ አሳውቃለሁ። ሥራው ግን አይቆምም» አለ። «ድገመው» ያሉት እናት «ልጄ፣ እኔን ስትቆጥረኝ ከነጎረቤቴ ቁጠረኝ» አሉት። አንገቱን ደፋ። በጽሑፍ የተሰጠን መልስ የለም። አንድ ነገር ተሰምቶልናል፤ ደረጃ መውጣት ለማይችሉ አዛውንቶች ምድር ላይ ያለ ቤት ተሰጣቸው። ይህን ላደረገ ሰው እግዜር ይስጠው።

የቀረነው ለምትክ ቤት ዕጣ አወጣን። ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ደረሰው፤ እኔ በሌላ የከተማዋ ጫፍ ነኝ። መብራቱ ቀድሞ ተቆረጠ። ሰው በርና መስኮቱን ነቅሎ፣ ቆርቆሮውን አውርዶ አስፋልት ዳር ደረደረ። እስካቫተሩ ሲገባ ግቢያችን ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። አቧራው ውስጥ ቆመን ማን የት እንደደረሰው በእድሩ መዝገብ ጀርባ ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያ ገጽ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ግማሹን ሰው የት ብዬ እንደምፈልገው አላውቅም።

የእድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት አንድ አባል ዘመድ ቤት ተከማቸ። በክረምቱ እኚያ «ድገመው» ያሉት እናት አራብሳ ላይ አረፉ። የሰማነው ረፍዶ ነው። ድንኳኑን በአይሱዙ ጭነን ከተማዋን አቋርጠን ስንደርስ መሽቷል፤ ቀብሩም ተፈጽሟል። ስማቸውን እንኳ በቅጡ የማያውቁ የሕንጻው ሰዎች ንፍሮ ቀቅለው፣ ምንጣፍ አንጥፈው ለቅሶ ተቀምጠዋል። ከልቤ አመሰገንኳቸው። አራት ኪሎ ቢሆን ግን እኚያን እናት ያለ እኛ ማንም አይቀብራቸውም ነበር።

አዲሱ ቤቴ ውኃና ሽንት ቤት በውስጡ አለው፤ ልጆቼ ይህን አላገኙም ነበር፤ አልክድም። ከተማ ሲያድግ አሮጌ ግድግዳ መፍረሱንም እቀበላለሁ። የማልቀበለው፣ እዚያው መሬት ላይ ለብዙ ሰው የሚበቃ ፎቅ እየታቀደ ለነባሩ ሰው ቦታ የለም መባሉን ነው።

ሰፈራችሁ በፕላን ገብቷል የሚል ወሬ የሰማችሁ ወገኖቼ፣ ማሽኑ እስኪመጣ አትጠብቁ። የእድራችሁን መዝገብ ገልብጡ፤ ደባሉን ጨምራችሁ የሰው ስም ዝርዝር አዘጋጁ፤ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አስገቡ፤ የገባበትን ቁጥርና ቀን ያዙ። ፕላን የምታወጡ ባለሙያዎችም፣ የቤት ቁጥር ስትመዘግቡ ቤቱ በየትኛው እድር ውስጥ እንዳለ ጠይቃችሁ ከጎኑ ጻፉልን።