የብሩ ምስክር

ገንዘብ ስለ ራሱ ይናገራል። በአንደኛው ገጹ የገዢውን መልክ፣ በሌላው ገጹ የመንግሥቱን ዓርማ ይዞ፣ ዋጋውንና የተሠራበትን ዘመን ለተቀባዩ ያስታውቃል። ይሁን እንጂ ስለ ራሱ የሚናገር ሁሉ እውነተኛ እንዳልሆነ፣ በገንዘብ ላይ የተቀረጸውም ቃል ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም። ስለዚህም ገንዘብ በተሠራበት አገር ሁሉ ገንዘብን የሚመረምር ዐይን አብሮት ተፈጥሯል። ቀድሞ ይህ ሥራ የነጋዴውና የአንጥረኛው ነበር፤ ዛሬ ግን ጥንታዊ ገንዘቦችን የሚመረምሩ፣ እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለዩና እንደ ይዞታቸው ደረጃ የሚሰጡ ባለሙያዎች አሉ። የእነዚህ ባለሙያዎች ሥራ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ከሚያስረዱት ከተሞች አንዷ፣ ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ የሚገናኙባት ካርቱም ናት። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1884 ካርቱም በማሕዲ ሠራዊት ተከባ ነበር። በከተማይቱ ውስጥ የነበረው እንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርደን ለወታደሩና ለሠራተኛው የሚከፍለው ገንዘብ ስላለቀበት፣ ኤፕሪል 25 ቀን 1884 የሚል ቀን የሰፈረባቸው የወረቀት ገንዘቦች አወጣ። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ የተመለከተው ገንዘብ ከስድስት ወር በኋላ በካርቱም ወይም በካይሮ ግምጃ ቤት እንደሚከፈል ቃል ተገብቶ ነበር። ጎርደን መጀመሪያ ወረቀቶቹን በገዛ እጁ ይፈርም ነበር። ቁጥራቸው እየበዛ ሲሄድ ግን ፊርማው ሄክቶግራፍ በሚባለው የማባዣ ዘዴ እየተገለበጠ ይታተም ጀመር። ጃንዋሪ 26 ቀን 1885 ካርቱም ወደቀች፤ ጎርደንም ተገደለ።

እነዚያ ወረቀቶች ዛሬ በሰብሳቢዎች እጅ ይገኛሉ። አንድ ወረቀት ሲቀርብለት መርማሪው በመጀመሪያ የሚያየው ፊርማውን ነው። ቀለሙ ከብዕር ጫፍ ወርዶ፣ እጅ ሲጫነው እየወፈረ፣ ሲለቀው እየቀጠነ የሄደ ነውን? ወይስ ወጥ ሆኖ ከሌላ ላይ የተገለበጠ ነው? ሁለቱም ዓይነቶች በከበባው ጊዜ የወጡ እውነተኛ ወረቀቶች ናቸው፤ ነገር ግን አንዱን በሌላው ስም መሸጥ ማታለል ነው። እንግዲህ መርማሪው የሚለየው እውነተኛውን ከሐሰተኛው ብቻ ሳይሆን፣ አንዱን እውነተኛ ከሌላው እውነተኛ ጭምር ነው።

ወረቀት ዋጋው በሰጪው ቃል ላይ የተመሠረተ ነው፤ ብርና ወርቅ ግን ዋጋቸውን በሆዳቸው ይዘው ይዞራሉ ተብሎ ይታመን ነበር። ይህም እምነት በዚያው አካባቢ ብዙ ሳይቆይ ተፈተነ። ማሕዲ ካርቱምን ከያዘ በኋላ በራሱ ትእዛዝ የወርቅና የብር ገንዘብ አስመታ። በ1885 ሲሞት በእግሩ የተተካው ኸሊፋ አብዱላሂ ደግሞ ከካርቱም ማዶ ባለችው በኦምዱርማን ገንዘብ ማስመታቱን ቀጠለ። ከኸሊፋው ገንዘቦች መካከል አንደኛው «መቅቡል» የሚል የዐረብኛ ቃል የተቀረጸበት ነበር፤ ትርጉሙም «ተቀባይነት ያለው» ማለት ነው።

ቃሉ እንዲህ ቢልም የገንዘቡ ውስጥ ሌላ ታሪክ ይናገር ነበር። ከዓመት ወደ ዓመት በገንዘቡ ውስጥ ያለው ብር እየቀነሰ፣ መዳቡ እየበዛ ሄደ። በመጨረሻም መዳብ ሆኖ ላዩን ብቻ ብር የተቀባ ገንዘብ ይወጣ ጀመር። ነጋዴው ልዩነቱን ስላወቀ አዲሱን ገንዘብ በአሮጌው ዋጋ ለመቀበል አመነታ፤ እምቢ ያለውም በቅጣት ኃይል እንዲቀበል ተደረገ። ተቀባይነት በእምነት የሚገኝ እንጂ በጽሕፈት የሚታዘዝ አለመሆኑን ከዚህ ገንዘብ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ሴፕቴምበር 2 ቀን 1898 በኦምዱርማን ጦርነት የኸሊፋው ሠራዊት ከተሸነፈ በኋላ የዚያ ገንዘብ ዘመን አበቃ።

በዚያው ዘመን በሱዳንም ሆነ በኢትዮጵያ ሕዝቡ አጥብቆ የሚያምነው ገንዘብ ከሩቅ አገር የመጣው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር። ይህ ብር 28.07 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። በአንድ ገጹ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ፣ በሌላው ሁለት ራስ ያለው ንስር ተቀርጾበታል። ዐረብኛ ተናጋሪዎች «አቡ ኑቅጣ» ይሉታል፤ ባለ ነጥቡ ማለት ነው። ይህንንም ስም ያገኘው በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ ከተደረደሩት ዘጠኝ ትንንሽ ሉሎች ነው። ሻጩ ብሩን ሲቀበል ሉሎቹን ይቆጥራል፤ ፊደሎቹን ይመለከታል፤ ድንጋይ ላይ ጥሎም ድምፁን ያዳምጣል። ሉሉ የጎደለውን ወይም ያረጀውን ብር ይመልሳል። ማጉያ መነጽር ሳይኖረው፣ ትምህርት ቤት ሳይገባ፣ የኢትዮጵያና የሱዳን ገበያተኛ ዛሬ በረቀቀ መሣሪያ የሚሠራውን ምርመራ በዐይኑ፣ በጆሮውና በጣቱ ይሠራ ነበር።

የዚህ እምነት ጽናት በተለያየ ጊዜ ታይቷል። እንግሊዞች በ1867 እና በ1868 በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምቱ፣ ሕዝቡ የሚቀበለው ይህንኑ ብር ስለ ነበር ከቪየና አዲስ አስመትተው ማምጣት አስፈልጓቸዋል። ዐፄ ምኒልክም በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ መልካቸው ያለበትን ጥሩ ብር በፓሪስ አስመትተው ነበር። ይሁንና የገዛ ንጉሡ መልክ ያለበት ቢሆንም፣ ሕዝቡ ለረዥም ጊዜ ያወቀውን ጠገራ መምረጡን አልተወም። ዐይን የለመደውን ለማሳመን አዋጅ ብቻውን አይበቃምና።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ሰው ያመነው ብር ራሱ ስለ ዕድሜው እውነቱን አይናገርም። በላዩ የተጻፈው ዓመት 1780 ነው፤ ማርያ ቴሬዛ የሞተችውም በዚሁ ዓመት ነው። ሆኖም ይህን ዓመት የያዘው ብር ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመታት በላይ በልዩ ልዩ አገሮች ሲመታ ኖሯል። በ1935 ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ ብሩን የመምታት መብት ከኦስትሪያ ተቀበለች። ጥቂት ቆይቶ በለንደን፣ በፓሪስና በብራስልስ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ደግሞ በቦምቤይ ተመታ። ሁሉም 1780 የሚለውን ዓመት ይዘዋል። ከንግሥቲቱ መልክ በታች ያሉት ኤስ እና ኤፍ የተባሉ የላቲን ፊደሎችም የጉንዝቡርግ ገንዘብ መምቻ ቤት ሁለት ሹማምንት የስም ምልክት ነበሩ፤ ሰዎቹ ካለፉ በኋላም ፊደሎቹ በብሩ ላይ ቀርተዋል።

ታዲያ እነዚህ ሁሉ ሐሰተኛ ናቸውን? አይደሉም። ሚዛናቸውና የብር መጠናቸው ሳይጓደል በታወቁ የመንግሥት ቤቶች የተመቱ ናቸውና፣ ባለሙያዎች «ዳግም ምት» ይሏቸዋል እንጂ ሐሰተኛ አይሏቸውም። በአንጻሩ ከተራ ብረት ተሠርቶ ብር የተቀባው፣ ዓመቱንና ፊደሉን ሁሉ አስተካክሎ ቢይዝም ሐሰተኛ ነው። የተሠራበትን ቦታና ዘመን ለመገመት መርማሪው የንስሩን የጅራት ላባዎች፣ የትከሻውን ጌጥ ቅርጽ፣ የነጥቦቹንና የፊደሎቹን አቀማመጥ ከታወቁ ናሙናዎች ጋር ያስተያያል።

ሐሰተኛውን ለመለየት ደግሞ መርማሪው ብዙ መንገዶች አሉት። ገንዘቡ በኃይለኛ መምቻ የተመታ ከሆነ መስመሮቹ ስለታም፣ ሜዳውም ልስልስ ይሆናል። በቅርጽ ውስጥ ፈሶ የተሠራው ግን ፊደሎቹ የደበዘዙ፣ ገጹም በትንንሽ ቀዳዳዎች የተወጋ ይሆናል፤ በጠርዙም ላይ የመገጣጠሚያ መስመር ሊታይ ይችላል። በማርያ ቴሬዛ ብር ጠርዝ ላይ «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ቃል ጎላ ብሎ ተቀርጿል። ይህን ጠርዝ አስመስሎ መሥራት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ብዙ ሐሰተኞች የተጋለጡት በገጻቸው ሳይሆን በጠርዛቸው ነው።

ከዚህም ሌላ ገንዘቡን ሳይፍቁና ሳይቆርጡ ውስጡን ማወቅ ይቻላል። ጠገራው በአየር ላይ 28.07 ግራም ከመዘነ በኋላ በክር ታስሮ ውሃ ውስጥ እንደ ተንጠለጠለ ሲመዘን፣ ሚዛኑ በ2.75 ግራም ያህል ይቀንሳል። የመጀመሪያው ሚዛን ለዚህ ልዩነት ሲካፈል 10.2 ያህል ይመጣል፤ ይህም ለዚህ ዓይነቱ የብርና የመዳብ ቅይጥ የሚጠበቀው እፍግታ ነው። መዳብ ሆኖ ላዩን ብር የተቀባ ቢሆን ግን ውጤቱ ወደ 9 ዝቅ ይላል። የላዩ ቅብ ዐይንን ቢያታልል ውሃን አያታልልም። ዛሬ የኤክስ ጨረር በመጠቀም የገንዘቡን ገጽታ ብረቶች የሚያሳይ መሣሪያም አለ፤ ነገር ግን ይህ መሣሪያ በአብዛኛው የሚያየው ላዩን ስለሆነ፣ የውሃው ሚዛን ዛሬም ሥራውን አላቋረጠም።

እውነተኛነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ደረጃ የመስጠት ተግባር ይከተላል። በ1949 ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ የጥንት ሳንቲሞችን ይዞታ ከ1 እስከ 70 ባለው ቁጥር የሚገልጽ መለኪያ አወጣ። 1 የሚሰጠው እጅግ ላለቀው፣ 70 ደግሞ ምንም ጉድለት ለማይታይበት ነው። በዚሁ መለኪያ የሚሠሩና በ1986 እና በ1987 በአሜሪካ የተቋቋሙ ሁለት ድርጅቶች ሙያውን በዓለም አስፋፉት። አንድን ገንዘብ ከአንድ በላይ የሆኑ መርማሪዎች ካዩት በኋላ፣ ደረጃውና መለያ ቁጥሩ ተጽፎ በጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ይታሸጋል። በአንድ ነጥብ ልዩነት ዋጋው እጅግ ሊራራቅ ስለሚችል፣ መርማሪው ከሻጩም ከገዢውም ወገን ሳይሆን ፍርዱን መስጠት አለበት።

በዚህ ሙያ ለጀማሪዎች እንግዳ የሚመስል አንድ ሕግ አለ፤ ይኸውም ጥንታዊ ገንዘብን ማሸት ደረጃውን ይቀንሳል እንጂ አያሳድግም። በብር ላይ በዘመን ብዛት የተጋገረው ጥቁረት የዕድሜው ምስክር ነው። በአመድ ወይም በአሸዋ የሚያሸው ሰው ሊያሳምረው ሲል ገጹን ይፍቀዋል፤ ምስክሩንም ያጠፋዋል። እንዲሁም ለአንገት ጌጥ የተበሳ ጠገራ በመርማሪው ዘንድ እንደ ተበላሸ ይቆጠራል፤ ከአያት ለወረሰችው ሴት ግን ቀዳዳው የቤተሰቧ ታሪክ ነው። የመርማሪው ቁጥር የገንዘቡን ይዞታ ይለካል እንጂ፣ ለባለቤቱ ያለውን ክብር ሊለካ አይችልም።

አታላዮችም አልተኙም። ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ማሸጊያውን ፕላስቲክና መለያ ጽሑፉን ጭምር አስመስለው መሥራት ጀምረዋል። ስለዚህ የምስክሩ ምስክር ማን ነው የሚለው ጥያቄ ዛሬም አልተዘጋም። አስተዋይ ገዢ ማሸጊያውን አይቶ ብቻ አያምንም፤ በውስጡ ያለውንም ራሱ ይመለከታል።

ከሁሉ የሚከብደውን ጥያቄ ግን ሚዛንም፣ መነጽርም፣ ውሃም አይመልሱትም። እርሱም «ይህ ነገር ከማን እጅ መጣ?» የሚለው ነው። ካርቱም ይህን ጥያቄ እንደገና ለዓለም አቅርባለች። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በከተማይቱ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ፣ በ1971 የተከፈተው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ተዘርፏል። ዩኔስኮ በሴፕቴምበር 2024 ሰብሳቢዎችና ነጋዴዎች የሱዳንን ቅርስ ከመግዛትና ከመሸጥ እንዲቆጠቡ ጥሪ አድርጓል። ከሙዚየም የተሰረቀ ነገር ሐሰተኛ አይደለም፤ እንዲያውም እውነተኛ በመሆኑ ነው የተሰረቀው። ጥንታዊነቱ ፍጹም የተረጋገጠ፣ ደረጃውም ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ባለቤቱ ገዢው ሳይሆን የሱዳን ሕዝብ ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። እውነት እንዲጠራ ግን መርማሪው ሦስት ነገሮችን መጠየቅ አለበት፤ ከምን ተሠራ፣ የትና መቼ ተሠራ፣ ከማን እጅ መጣ። የኸሊፋው መቅቡል በመጀመሪያው ጥያቄ ወደቀ። የማርያ ቴሬዛ ጠገራ የመጀመሪያውን አልፎ በሁለተኛው ላይ መርማሪን ያደክማል። ሦስተኛውን ጥያቄ የሚመልሰው ግን ብረቱ አይደለም፤ ለመግዛት እጁን የዘረጋው ሰው ኅሊና ነው።