በእጇ ድርሳን፣ በአፏ ዳዊት

ዛሬ ጠዋት ቡና አፍልቼ ስኒውን ለእማዬ ላቀብላት ጎንበስ ስል ዓይኔ መጽሐፏ ላይ አረፈ። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ እንደ ልማዷ የሰኞውን ዳዊት ትደግማለች። ጭኗ ላይ የተዘረጋው ግን ዳዊት አይደለም። ድርሳነ ሚካኤል ነው። የእኔው ድርሳን፣ መደርደሪያው ላይ ከእሷ ዳዊት ጎን የሚቀመጠው፣ ሽፋኑ የሚመሳሰለው።

በእጇ ድርሳን፣ በአፏ ዳዊት። ገጹንም ትገልጣለች። ለዚያውም በልኩ፣ በአሮጌው ዳዊቷ ቅጠሉ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ስትደርስ።

ስኒውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ምንም አላልኩም። እሷም ቀና ብላ «አመሰግናለሁ ልጄ» አለችኝ፤ እጇን ግን ስኒው ወዳለበት ሳይሆን ትንሽ ወደ ግራ ነው የዘረጋችው። ስኒውን ወደ እጇ ወሰድኩላት።

እማዬን ከዚህ ገጽ የምታውቋት ሰዎች፣ አምና ስለ አዲሱ መነጽሯ የጻፍኩትን ታስታውሳላችሁ። ፎቶዋን አይታችሁ «እንዴት አማረባት!» ያላችሁትን። እኔም ነገሩ በዚያ መነጽር ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለካ መነጽሩን የምታደርገው ለእኔ ብላ ነው።

ሥራ ቦታ ሆኜ ቀኑን ሙሉ ሐሳቤ አልሰበሰብ አለኝ። ሻይ ሰዓት ላይ ማን ትዝ አለችኝ መሰላችሁ? ጁዲ ዴንች።

አብዛኞቻችሁ የምታውቋት በጄምስ ቦንድ ፊልሞች ነው፤ ያቺ ቦንድን ተቀመጥ ተነሥ የምትለው አለቃ፣ ኤም። እሷ ግን ሙሉ ዕድሜዋ የመድረክ ሰው ናት። እኔም ያየኋት በመድረክ ነው፤ ለንደን ቻሪንግ ክሮስ መንገድ ላይ ባለው በጋሪክ ቴአትር፣ በ2015 መጨረሻ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማለቴ ነው። ከላይኛው ፎቅ፣ ጣራው ሥር፣ በርካሹ ወንበር። ተውኔቱ የሼክስፒር «የክረምት ተረት» ነበር። ንጉሡ በባዶ ሜዳ ሚስቱን ይጠረጥራል፤ በጥርጣሬውም ቤቱን ያፈርሳል። ሹማምንቱ ሲሸማቀቁ ፊቱ ቆማ ያለ ፍርሃት እውነቱን የምትነግረው አንዲት ሴት ናት፤ ፓውሊና። ፓውሊና ጁዲ ዴንች ነበረች። ንጉሡ ኬኔት ብራናህ።

ያኔ ሰማንያ ዓመቷ ነው፤ ሰማንያ አንደኛውን እዚያው ቴአትሩ እየታየ ሳለ ደፈነች። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ብርድ እንደመታው ሰው ሻካራ። ንጉሡን ስትገሥጸው ግን ከዚያ ሁሉ ርቀት ደረቴ ላይ ተሰማኝ። ያጠፋሁት ሁሉ ትዝ አለኝ።

ከዓመታት በኋላ ራሷ ያወራችውን ሰማሁ። ቴአትሩ ሦስት ሳምንት ያህል ከታየ በኋላ ብራናህ ወደ እሷ ጠጋ ይልና፣ ያንን ረጅም ንግግርሽን ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ወደ ቀኝ ዞር ብለሽ ብትናገሪው ለእኔ ይሆን ነበር ይላታል። ለካ ንጉሥ መስሏት የምትገሥጸው የመድረኩን ምሰሶ ኖሯል!

ስሰማው በሣቅ ሞትኩ። ባየኋት ምሽት ተግሣጹን የተቀበለው ንጉሡ ይሁን ምሰሶው አላውቅም። የማውቀው እኔን እንዳገኘኝ ነው። ለዚሁ ለፓውሊና በ2016 የኦሊቪዬ ሽልማት ሰጧት፤ ስምንተኛዋ ነው፣ በትወና እሷን ያህል የተሸለመ አልነበረም። ምሰሶውም ድርሻ አለው እላለሁ።

የጁዲ ዴንችን ዓይን የያዘው ማኩላር ዲጄኔሬሽን የሚሉት ሕመም ነው። መሃሉ እየጠፋ ጠርዙ ብቻ ይቀራል። ሰው ፊታችሁ ቆሞ ትከሻውን ታያላችሁ፤ ፊቱን አታዩም። እናቷንም ይዟት ነበር። እሷ በ2012 በአደባባይ ተናገረችው። ጽሑፍ ማንበብ ስለማትችል ወዳጆቿ ያነቡላታል፤ እየሰማች፣ እየደገመች፣ በቃሏ ትይዛለች። ሎሬት ጸጋዬ የተረጎማቸው ሐምሌትና ማክቤዝ መጀመሪያ የተጻፉበትን እንግሊዝኛ፣ ያንን ሁሉ ባሕር፣ በጆሮዋ።

ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እማዬ ዳዊትን የተማረችው ከአያቴ አፍ ነው። ማታ፣ ኩራዝ ጠፍቶ፣ እሳቱ ዳር ተቀምጠው እሱ አንድ ይላል፣ እሷ አንድ ትላለች። መጽሐፉ የመጣው ኋላ ነው። እንግዲህ ዛሬ መጽሐፉ ቢሄድባት ዳዊቱ ለምን አብሮ ይሄዳል?

እዚህ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ የያዝኩት አንድ ነገር አለ። ዛሬ ካልወጣ አልተኛም።

እማዬ ወደዚህ ከመምጣቷ በፊት ነው፣ አዲስ አበባ። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ወረቀት ልናስጨርስ ሄድን። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተሰልፈን ተራችን አምስት ሰዓት ላይ ደረሰ። እኔ ፎቶ ኮፒ ላስነሳ ወደ ታች ወረድኩ። እሷ መስኮቱ ጋ ቀረች። ወጣቱ ቅጹን አቀበላትና «አንብበው ይፈርሙ» አላት። ፊደሉ የጉንዳን መንገድ ነው የሚያክለው። «ልጄ፣ እስቲ አንብብልኝ» አለችው። እሱ ቀና እንኳ ሳይል «ማንበብ የማይችሉ ከሆነ በጣት ይፈርሙ» ብሎ የቀለሙን ሳጥን ገፋላት።

ስመለስ እማዬ አውራ ጣቷን በነጠላዋ ጥለት እየጠረገች ነው ያገኘኋት። ሰማያዊው ቀለም ጥለቱ ላይ አለ፤ ዛሬም አለ፤ ታጥቦ አልለቀቀም።

ሠላሳ አንድ ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማረች ሴት ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሀ ሁ ያስቆጠረች፣ የእልፍ ሕፃን እጅ ይዛ በጠመኔ ስም ያስጻፈች። ከዚያ መስኮት ጀርባ ከተቀመጡት ውስጥ አንዱ ፊደል የለየው በእሷ፣ ካልሆነም እሷን በመሰለች አንዲት መምህርት እጅ ነው። በጣት ፈርሚ ተባለች።

ጮህኩ። ሰው ተሰበሰበ። ልጁ ደነገጠና «ምን አጠፋሁ እህቴ?» አለኝ። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ይህ ነው፤ መመሪያው የሚለውን ነው ያደረገው። መመሪያው ማንበብ የሚችል እና የማይችል ብሎ ነው ሰውን የሚከፍለው። ማንበብ የምትችል፣ ነገር ግን ዓይኗ የደከመ መምህርት የሚል መስመር የለውም። ሁለት ደቂቃ ነበር የሚፈጀው። ሁለት ደቂቃ ቢያነብላት!

እማዬ ክንዴን ይዛ «ተይው፣ አልቋል» አለችኝ። ታክሲ ውስጥ እስከ ቤት አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ዛሬ ጠዋት የገባኝ ይህ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እማዬ ለማንም «አንብብልኝ» ብላ አታውቅም። ለእኔም። የመድኃኒቱን ወረቀት «ኋላ አየዋለሁ» ትላለች። የልጆቹን ፎቶ ስልክ ላይ ሳሳያት «አድገዋል!» ትላለች፤ የማን ልጆች እንደሆኑ ሳትጠይቅ። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሰላም ሲላት በድምፁ እስክትለየው ድረስ «እንደምን ነህ? ሁሉ ደኅና?» እያለች ጊዜ ታገኛለች። ይህን ሁሉ ሳይ እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት። ለካ በገዛ ቤቴ ውስጥ ከጋሪክ የበለጠ ትወና እየታየ ነው።

ተመልሼ ወደ ጁዲ ዴንች ልምጣ፤ ያለምክንያት አይደለም ያነሣኋት።

የዚህችን ሴት ሕይወት ስታዩት ከመጀመሪያው ጀምሮ «ይህ ይጎድልሻል» እየተባለች ነው የኖረችው። በ1934 ዮርክ ተወለደች፤ አባቷ ሐኪም። ዮርክ ከመካከለኛው ዘመን የወረሰቻቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ድራማዎች አሏት፤ የከተማው ሰው ነው የሚጫወታቸው። ወላጆቿም ይሳተፉ ነበር፣ እሷም በ1951 መልአክ ሆና ወጣች። መጀመሪያ የፈለገችው ግን የመድረክ ገጽታ ንድፍ ነበር። በ1953 ስትራትፎርድ ላይ የኪንግ ሊርን መድረክ አየችና «እኔ እንዲህ ያለ ነገር በሐሳቤ እንኳ አይመጣም» ብላ ተወችው። ለንደን ሄዳ ትወና ተማረች። በ1957 ከኦልድ ቪክ ቡድን ጋር ኦፌልያን ሆና ጀመረች፤ ሐያስያን አልራሩላትም፤ ቡድኑ አሜሪካ ሲሄድም ገጸ ባሕርይዋ ለሌላ ተሰጠባት። ለፊልም ስትሞከር ደግሞ አንዱ ፊትሽ ላይ ያለው ሁሉ ልክ አይደለም አላት።

በ1960 ጁልዬትን ስትሠራ አባትና እናቷ ሊያዩዋት መጡ። ጁልዬት በሐዘን ተውጣ አባቴና እናቴ የት አሉ ብላ ሞግዚቷን የምትጠይቅበት ቦታ አለ። አባቷ ከአዳራሹ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ እዚህ ነን የኔ ማር፣ በዚህኛው ረድፍ ብሎ የወንበሩን ረድፍ ጠራላት! ራሷ ናት የምትተርከው። ይህን አባት እወደዋለሁ። ልጁ የጠራችው መሰለው፣ አቤት አለ። በቃ።

በ1968 ካባሬ የተባለውን ሙዚቃዊ ተውኔት ሰጧት፣ ሙዚቃዊ ተውኔት ሠርታ አታውቅም። ሲፈትኗት ከፍርሃቷ የተነሣ ፒያኖ ተጫዋቹን ብቻውን መድረኩ ላይ ትታ እሷ መጋረጃው ጀርባ ቆማ ዘፈነች። አለፈች። በ1981 ካትስ የተባለው ሌላ ሙዚቃዊ ተውኔት ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው ልምምድ ላይ የተረከዟ ጅማት ተበጠሰ፤ ገጸ ባሕርይዋን ኢሌን ፔጅ ወሰደች፣ ስሟም በዚያ ተውኔት ይበልጥ ገነነ። ጁዲ ዴንች ቤቷ ተኛች። በ1987 ናሽናል ቴአትር ላይ ክሊዮፓትራን ሁኚ ሲሏት ራሷ ነበረች የተገረመችው፤ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ፣ ቁመቷ አንድ ሜትር ከሃምሳ አምስት፣ ክሊዮፓትራ ደግሞ ነገሥታትን ያንበረከከች ውበት። ከአንቶኒ ሆፕኪንስ ጋር መቶ ጊዜ ተጫወቱት። ለዚያም ኦሊቪዬ ወሰደች።

ፊት ጎደለሽ፣ ድምፅ ጎደለሽ፣ ቁመት ጎደለሽ፣ እግር ጎደለሽ። መጨረሻ ላይ ዓይን። ከዚህ ሁሉ ማንም ያልወሰደባት ቃሉን ነው። «የክረምት ተረት»ን በ1969 ስትሠራው እናቲቱንም ልጂቱንም ሆና ነበር። ጋሪክ ላይ ከፓውሊና ሌላ «ጊዜ»ን ሆና ነው የወጣችው፤ ሼክስፒር ጊዜን ሰው አድርጎ መድረክ ላይ ያቆመበት ቦታ አለ። ሙሽራዋ ልጅ፣ እናት፣ በመጨረሻም ራሱ ጊዜ። በአንድ ተውኔት ውስጥ ዕድሜዋን ጨረሰችው።

ዕድለኛ ናት የምለው ግን ስለ ሽልማቱ አይደለም። «አንብቡልኝ» ብላ ጮክ ብላ መናገር ስለቻለች ነው፤ ብራናህም ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ዞር በይ ስላላት። የቀለም ሳጥን የገፋላት የለም።

ማታ እቤት ስገባ እማዬን ምንም አልጠየቅኋትም። ስልኬን ከፍቼ ያንን በ2023 በቴሌቪዥን የታየውን አሰማኋት፤ ጁዲ ዴንች ግራሃም ኖርተን ጋ እንግዳ ሆና፣ ሣቅና ጨዋታ መሃል ከሼክስፒር ግጥሞች አንዱን ድንገት የወረደችበትን። አዳራሹ ጸጥ ሲል ይሰማል። ማን እንደሆነች፣ ዓይኗ ምን እንደሆነ ለእማዬ አልነገርኳትም። ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች።

«ይህቺ ሴት እያነበበች አይደለም» አለች። «በቃሏ ነው።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«የሚያነብ ሰው መስመር ሲያልቅ ነው የሚተነፍሰው። በቃሉ የሚል ሰው ነገሩ ሲያልቅ ይተነፍሳል። ስንት ልጅ ከመጽሐፍ አስነበብኩ፣ ይህን አላውቅም?»

ዝም አልኩ። እሷም ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «ዛሬ ጠዋት ድርሳኑን ነበር የያዝኩት አይደል?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ።»

«ሲነካ ጊዜ ወፍራም መሰለኝ» አለችና ሣቀች። እኔ አለቀስኩ። ሐሙስ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ምን እንደሆነ እሱ ይናገር።

ዳዊቷን ከመደርደሪያው አወረድኩና ጠዋት ካቆመችበት ቀጥዬ አነበብኩላት። አንድ ገጽ ሳልጨርስ ሦስት ጊዜ አረመችኝ፤ «ይጥበቅ፣ አታላይው!» እያለች፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ።

ነገ የማክሰኞው ነው። ጠዋት ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ስልክ አላነሣም።